የአንገቱ ምልክት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። አንባቢ ሆይ፣ ስማኝ፤ አትዘንልኝ ግን።

ሥራዬ ሬሳ መገነዝ ነው። ድሮ ጎንደር ላይ ይህን የሚሠሩት የእድር ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ለነፍሳቸው ብለው። እኔ ቁስቋም አጠገብ ሱቅ ከፍቼ ሳጥኑንም፣ መኪናውንም፣ ግንዘቱንም ጠቅልዬ ያዝኩት። ሙያ ነው አልኩ። ባለሙያ ከሆንኩ ደግሞ ሌላው የማያየውን ማየት አለብኝ ብዬ ሰውን ሁሉ መጠርጠር ጀመርኩ፤ የሞተውንም፣ ይዘውት የመጡትንም።

አንድ ቀን ትክል ድንጋይ ከሚባለው ገጠር የአንድ ጎልማሳ ገበሬ ሬሳ መጣ። በእንቅልፉ ሞተ አሉ። በእንቅልፉ? ያ የሚያክል ሰው? የታሰረበትን ፈታትቼ ስገልጠው አንገቱ ዙሪያ የበለዘ መስመር አየሁ። ዞር ብዬ ሚስቱን አየኋት፤ እንባዋ ደርቋል። እኔ ነኝ ያየሁት፣ እኔው ነኝ የፈረድኩት። ወንድሙን ወደ ጓሮ ጠርቼ፣ «አንገቱን አልወደድኩትም። አብራው ያደረችው ማን ናት?» አልኩት።

«ለፖሊስ እንናገር?» ሲለኝ ግን፣ «እኔ ምስክር አልሆንም» አልኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

የባሏ ዘመዶች ሬሳውን እንዳትስም ከለከሏት። ከቀብሩ አባረሯት። ለቅሶ የሚደርሳት ጠፋ፤ አገሯን ለቃ ድብ ባሕር የምትባል ከተማ ገባች።

ከዓመታት በኋላ የአንድ ሟች አገጭ በገዛ እጄ በጨርቅ አስሬ፣ በዚያው በትክል ድንጋይ ኮረኮንች መንገድ ይዤው መጣሁ። ሳጥኑን ስከፍት ጨርቁ ተንሸራቶ አንገቱ ላይ ጠብቋል። ስፈታው ያው መስመር! ቁጭ አልኩ። የሟች አፍ እንዳይከፈት አገጩ እንደሚታሰር የማያውቅ ማን አለ? ያቺም ሴት ባሏን በወጉ አስራው ነበር። ጨርቁን ከአንገቱ ፈትቼ የጣልኩት እኔው ነበርኩ፤ እጄ ፈታው፣ ልቤ ግን ጥርጣሬውን ብቻ ያዘ።

ታዲያ ተናገርኩ? አልተናገርኩም። «ሥራውን አያውቅም» እንዳይሉኝ ፈራሁ።

በኋላ ድብ ባሕር ሬሳ ላደርስ ሄጄ አገኘኋት። አወቀችኝ። እጄን ይዛ፣ «አያ፣ እንዳላየው ከለከሉኝ እኮ። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ሲገንዙት ፊቱ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«ሸጋ ነበር። የተኛ ነበር የሚመስል» አልኳት።

መረቀችኝ። ምርቃቷን ተቀብዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

ይቅር በለኝ አልልህም። ላንተ መናገር ምን ይከብዳል? እሷ ዛሬም ድብ ባሕር አለች። እኔም መኪና አለኝ፤ መንገዱንም አውቀዋለሁ።