ጀፕ ላይ የዳኙኝ ሰው

በስደት አገር፣ ጀፕ የሚባል ገበያ ላይ ያለን ሐበሻ ነጋዴዎች ስንጣላ ፖሊስ ጋ አንሄድም፤ ሽማግሌ ፊት እንቀመጣለን። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚከበሩት አገር ቤት ዳኛ የነበሩ አንድ ጋሼ ነበሩ። እኔማ እንደ አባት ነበር የማያቸው። ምሳ ላይ ስለ አንድ የጥንት አሜሪካዊ ዳኛ ሲያወሩ መብላቴን እረሳለሁ። ሰውየው ገጠር ተወልዶ፣ ወታደር ሆኖ፣ ትምህርት ቤት ብዙም ሳይገባ ሕግ አጥንቶ፣ በመጨረሻ የአገሪቱ ትልቁ ፍርድ ቤት የበላይ ሆኖ እስኪሞት ፈርዷል።

“ትልቅነቱ ግን የቱ ጋ ነው? እሱና ወንድሙ እጃቸው ያለበት የመሬት ክርክር ሲመጣ፣ ‘ይሄን እኔ አላይም’ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ” ይሉኛል።

ሎክዳውን መጥቶ ከቤት አትውጡ ሲባል እኔና ሸሪኬ ብርድ ልብስ የምንሸጥበት ሱቅ ተዘጋ። ገበያው ሲከፈት እኔ በኮሮና ታምሜ ዮቪል ሰፈር ቤቴ ተኝቼ ነበር። ድኜ ስመለስ ቁልፉ ተቀይሯል።

“ጥለኸው ጠፋህ፤ ሌላ ሰው ላስገባ ነው” አለኝ ሸሪኬ።

ትንፋሽ ያጠረው ሰው የት ይጠፋል? ንዴት ሊገድለኝ ደረሰ። ያለችኝ እንጀራ እሷው ሱቅ ነበረች።

አንድ ዝግ ምግብ ቤት ውስጥ፣ አፋችንን ሸፍነን፣ ተራርቀን ሽማግሌ ፊት ተቀመጥን። በወጉ መሠረት ነገሩ ከመሰማቱ በፊት ሁለታችንም “የምትሉትን እንቀበላለን” ብለን ቃል ገባን። ይህን ቃል ያፈረሰ ጀፕ ላይ ሰው የለውም፤ ዕቃ የሚሰጠው ቀርቶ ቢሞት ቀባሪ አያገኝም። እኔ ግን ሳላመነታ ነው ቃሌን የሰጠሁት። የሚፈርዱት ጋሼ ናቸዋ።

ሱቁን ለሸሪኬ ፈረዱለት። “ልጄ፣ ዘመኑ ክፉ ነው፤ ለሰላም ስትል ተው” አሉኝ። እጅ ነስቼ ወጣሁ።

በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ አዲሱን ሰው ሱቁ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ማን እንደሆነ ብጠይቅ የጋሼ የእህት ልጅ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል የሰማሁት ያኔ ገባኝ። እያለቀስኩ ቤታቸው ሄድኩ።

“ጋሼ፣ የእህትዎ ልጅ እንደሚገባበት ለምን አልነገሩኝም?”

“ብነግርህ በእኔ ትዳኝ ነበር?” አሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀይሩ።

“አልዳኝም ነበር።”

“እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ? ቃል ሰጥተሃል።”

እውነታቸውን ነው፤ ሰጥቻለሁ። ዛሬ አሌክሳንድራ የሚባል ሰፈር የሰው ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሰው ሲበድለኝ ዝም እላለሁ እንጂ ሽማግሌ አልጠራም።