መዝገብ ላይ የሌለ ምሳ

ትንሹ ልጄ ከባሕር ዳር ዘጌ በጀልባ ሰው ያመላልሳል። ቅዳሜ ወደቡ ላይ በተሳፋሪ ተራ ከባልንጀራው ተጣላና ፖሊስ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ምሳውን ይዤ ጣቢያው በር ላይ ተቀመጥሁ። ሳህኑ ሞልቶ ይገባል፣ ባዶውን ይመለሳል፤ ልጄ ግን ዳኛ ፊት አልቀረበም። እንደኔ ስንቅ ይዘው የሚቀመጡ ሴቶች ነበሩ። አንዷ የወረታ ነጋዴ ሚስት ናት፤ ሩዝ ይዛ ትመጣለች። የሩዙ ሽታ ብቻውን ያጠግብ ነበር!

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ዐቃቤ ሕግ ጣቢያውን ልትቆጣጠር መጣች። ቀጭን ናት፣ የልጅ ልጄን ታክላለች። ፖሊሶቹ ተነሥተው ሰላምታ ሰጧት። እሷ ግን ወደ ውስጥ አልገባችም፤ እኛ ዘንድ መጥታ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ ምሳው ለማን ነው?»

«ለልጄ ነው፣ እናትሽ ትኑርልሽ።»

ስሙን ጻፈች። ከመቼ ጀምሮ እንደማመጣም ጠይቃ ጻፈች። ሁላችንንም እንዲሁ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ነው «መዝገቡን አምጡልኝ» ያለች።

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ስሙ ፖሊስ መዝገብ የገባ ሰው ጠፋ ብዬ ነበር የማስብ። ለካ የሚጠፋው ያልተጻፈው ኖሯል። ጣቷን እያስኬደች ብታነብ ብታነብ፣ ልጄ የለም።

ተረኛው ሳጅን፣ «እሱ እኮ አልታሰረም፤ ለጥያቄ ነው የመጣው» አላት።

«ለጥያቄ የመጣ ሰው ሦስት ቀን ምሳ ይመጣለታል?»

«ጥያቄው ከብዶት ይሆናላ!» አለች የወረታዋ። ሳቅን፤ ሳጅኑም ከንፈሩን ነክሶ ሳቀ።

ዐቃቤ ሕጓ አልሳቀችም። «የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አሁን ይመዝግቡት፤ ዛሬውኑ ይቅረብ።»

ሳጅኑ የዕለቱን ቀን ሊጽፍ ሲል እጇን ወረቀቱ ላይ ጣል አደረገች።

«የዛሬን አይደለም። እማማ፣ መቼ ነው የወሰዱት?»

«ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ።»

«ቅዳሜ» ብሎ ጻፈ። ያልተማርሁት የኔ ቃል መዝገብ ገባ!

«በሪፖርትዎ ጥፋቴን ብቻ ሊጽፉብኝ ነው?» አላት ሳጅኑ።

«መዝገቡን ሳያንገራግሩ እንዳመጡልኝም እጽፋለሁ» አለችው። ይህ ደግሞ ከሁሉ በላይ ደስ አለኝ፤ ለኔም ለሱም እውነቱን ነበር የያዘች።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛው መዝገቡን አይተው፣ «ከቅዳሜ እስከ ዛሬ ለምን አላቀረባችሁትም?» ብለው ፖሊሶቹን ጠየቁና ልጄን ለቀቁት።

ዐቃቤ ሕጓን ልመርቃት ወደ ጣቢያው ተመለስሁ፤ ሄዳለች። ሌላ ጣቢያ በር ላይ፣ ስንቅ ከያዙት ሴቶች ጋር ተቀምጣለች አሉኝ። እኔም እዚያው ቆሜ፣ ፊቴን ልጄ ወደሚሠራበት ሐይቅ መልሼ መረቅኋት።