ወንድሜ የሰፋው ኪልት

ወላጆቻችን ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ልብስ ይሰፋል። "ጋሼ" ነበር የምለው፤ ስሙን ጠርቼው አላውቅም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ቄራ አካባቢ መንገድ ሲያቋርጥ ሚኒባስ ገጨውና ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ጭኑ ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፣ ቁስሉ ግን አልደርቅ አለ። ይሽርና ከወራት በኋላ ተመልሶ ይከፈታል። ሱሪ ሲለብስ ጨርቁ ፋሻው ላይ ይጣበቅና ሲያወልቅ ቁስሉ አብሮ ይላጣል። ቁምጣ ሞከረ፤ ጠርዙ ልክ ቁስሉ ላይ ያርፋል። ሽርጥ አገለደመ፤ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ እየተፈታ አስቸገረው።

አንድ ቀን አንድ ስኮትላንዳዊ ወደ ሱቁ መጣ። በአቅራቢያችን ካሉት ቢሮዎች በአንዱ የሚሠራ፣ ጺሙ የሸበተ ሰው ነው። የያዘው ኪልት ነበር፤ ወገብ ላይ የሚታሰር፣ ከኋላ እጥፋት ያለው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የአገሩ የወንዶች ልብስ። ማሰሪያው ተበጥሶበታል። ወንድሜ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ቆየ። እንግሊዝኛ የምሞክረው እኔ ስለነበርኩ አስተርጓሚው ሆንኩ።

"ለበዓል ነው የምትለብሱት በይው" አለኝ።

ሰውየው ፈገግ አለ። በአባቱ ዘመን ለሰርግና ለበዓል ብቻ ነበር። አሁን ግን ጓደኞቹ በካኪ እያሰፉ፣ ኪስ እያስወጡለት፣ በቲሸርትና በቦት ጫማ ሥራ ይሄዱበታል። መጀመሪያ ሰው ዞር እያለ ያያቸው ነበር፣ ሲለመድ ተዋቸው።

"እግር አይነካም ወይ በይው።"

"ምንም አይነካም፣ ሰፊ ነው ይላል" አልኩት።

በሳምንቱ ወንድሜ ከወፍራም ካኪ ለራሱ ሰፋ። ሁለት ትልልቅ ኪስ አወጣለት፤ አንዱን ለሜትር፣ አንዱን ለመቀስ። ለብሶት እስከ መንገዱ ጥግ ሄዶ ተመለሰ። ከአደጋው ወዲህ ፊቱን ሳያጨማድድ ሲራመድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሰፈሩ ግን ዝም ብሎ አላለፈውም። የታክሲ ረዳቶች "እመቤት፣ ይግቡ" እያሉ ይስቁበታል። የዕድሩ ሰብሳቢ ቀብር ላይ እንዲህ ለብሶ እንዳይመጣ ነገሩት። ሱፍ የሚያሰፉ ደንበኞች አንድ ሁለት እያሉ ቀሩ። አንድ ሙስሊም አዛውንት ጎረቤታችን ብቻ "እኔ ሽርጥ ለብሼ መስጊድ ስሄድ ማን ሳቀብኝ? ተዉት ልጁን" ይሉ ነበር።

እሱ በቃ ለመደው። ያልለመድኩት እኔ ነኝ። ሥራ በያዝኩ በዓመቱ ከባልደረቦቼ ጋር ምሳ ልንበላ ስንሄድ ከማዶ አየኝና እጁን አነሳ። አንገቴን አዞርኩ። አንዷ "ያ ቀሚስ የለበሰው ያውቅሻል እንዴ?" ስትለኝ፣ "ከሰው ጋር ተመሳስዬበት ይሆናል" አልኳት። ቤት ስገባ ምሳ በልቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ።

ሰርጌ ሲቃረብ ሱቁ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ለአንድ ቀን ሱሪ ልበስልኝ። የሙሽራው ዘመዶች ይመጣሉ፣ ምን ይላሉ?"

በእጁ የያዘውን ጨርቅ አጣጥፎ አስቀመጠ። "ሰሞኑን ተከፍቷል እኮ፣ ቁስሉ" አለ ቀስ ብሎ።

"ለአንድ ቀን ነው።"

"እሺ። ላንቺ ያልለበስኩ ለማን እለብሳለሁ።"

ጥቁር ሱፍ ሰፍቶ ለበሰ። ከጠዋት ጀምሮ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንግዳ ተቀበለ፣ በአባቴ ቦታ ሆኖ መረቀኝ፣ ሲጎትቱት ጨፈረም። ከሰዓት በኋላ ፎቶ ስንነሳ ክንዴን ሲይዘኝ መዳፉ ያቃጥላል። "አሞሃል?" አልኩት። "የደስታ ነው" አለኝ። ጥቁር ሱፍ ደም አያሳይም። እኔም አጎንብሼ አላየሁም።

ሱሪውን ቀደው ያወለቁለት በማግስቱ ሐኪም ቤት ነው። ቁስሉ አመርቅዞ አጥንቱን ይዞ ነበር። ሦስት ሳምንት ታገሉለት፤ በመጨረሻ እግሩን ከጭኑ ቆረጡት። እኔ ገና እጄ ላይ ሂና ነበረኝ።

ከዚያ ወዲህ ሱሪ አላስቸገረውም። ባዶውን እግር ወደ ላይ አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይይዘዋል። በአንድ እግር የስፌት መኪናውን መርገጥ ተለማመደ።

ዓመታት አለፉ። ደምበል አካባቢ የሚውሉ ወጣቶች፣ ባንድ ውስጥ የሚጫወቱ፣ ፋሽን የሚከተሉ፣ ስልካቸው ላይ የኪልት ፎቶ ይዘው ወደ ሱቁ መምጣት ጀመሩ። በፊት አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ በኋላ በየወሩ አንዳንድ ሰው አይጠፋም። ከሱ የተሻለ እጥፋት የሚያስቀምጥ አልነበረም። አንድ ቀን እዚያው ተቀምጬ ሳለ አንዱ ለብሶ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለና "ፋዘር፣ እዚህ ሰፈር ሰው አይስቅም?" ሲል ጠየቀው።

"ድሮ ነበር የሚስቁት" አለ ወንድሜ።

ልጁ እንደለበሰው ወጣ። በሩ ላይ ቆሜ በዓይኔ ተከተልኩት፤ ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

"ጋሼ፣ ላንተም አንድ ብትሰፋ?" አልኩት ስመለስ።

"አሁን ምን ያደርግልኛል? የሚነካው ነገር የለም።"

ያን ቀን ይቅርታ ጠየቅኩት። ከሰርጌ ጀምሮ አንድም ቀን ደፍሬ አላውቅም። ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሳተው።

"የጠየቅሽው አንቺ ነሽ፤ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። ደግሜም አልጠየቅኩትም። ገና ጊዜ ያለን መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን በሁለተኛው ዓመት ኩላሊቱን ታሞ ሞተ።