ለአሻጋሪው ማን ይሁን?

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁትም፤ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነው። አሁን ግን የፈለገ ይሳቅ።

የምኖረው ከሚሴ ነው። ቤት ውስጥ እኔና ሬዲዮዬ ብቻ ነን። ባለቤቴ ዘሃራ ከሞተች ሦስት ዓመት አለፋት። ልጆቼ ሩቅ አገር ናቸው፤ በስልክ ይጠይቁኛል። ዕድሜዬን የፈጀሁት ጨፋ ላይ በእርሻ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አንድ ገጽ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ዘሃራ ግን ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ነበር።

አንድ መጽሐፍ ነበራት። ድሮ የታተመ፣ አገር የሚያውቀው ልብ ወለድ ነው። በየረመዳኑ ከአስር ሶላት በኋላ የመግሪብ አዛን እስኪል ድረስ ታነብልኛለች። ሆድ ሲጮህ ሰዓቱን የምንገፋው በሱ ነበር። በአማርኛ ታነብና ነገሩ ሲከር ወደ ኦሮምኛ ትዞራለች፤ ለኔ አንጀቴ የሚገባው በሱ ነው። ስንት ጊዜ እንደጨረስነው አላህ ይወቀው።

ደግሞ ለመጽሐፉ ሰዎች የከሚሴን ሰው እንመድብላቸው ነበር።

"ለክፉው አባት ማን ይሁን?" ትለኛለች።

"የወፍጮ ቤቱ ባለቤት።"

"ኧረ አቦ! ያን ቀጭን ድምፅ ማን ይፈራዋል?"

"ለልጅቷስ?" ስትለኝ የዚህን ልጅ፣ የዚያን ልጅ፣ መልከ መልካም የተባለችውን ሁሉ እጠራለሁ። ሰምታኝ ስታበቃ ገጹን ትገልጣለች።

ከሁሉም እኔ የምወደው አሻጋሪውን ነበር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሰው ተሸክሞ የሚያሻግር ሰውዬ ነው። ካገኘው ጋር ይጣላል፣ ምክር አይሰማም፣ ግን ሰው ወንዝ ዳር ጥሎ አይሄድም። ልጅቷ ካባቷ ቤት ጠፍታ ወንዙ ሲያግዳት፣ "ሂን ሶዳቲን፣ አኒ ጂራ" ይላታል። አትፍሪ፣ እኔ አለሁ ማለት ነው። ሌላ ቃል አይወጣውም።

"ይሄ ሰውዬ ግን ምን ዓይነት ግትር ነው!" ስላት ዘሃራ በሻሿ አፏን ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። ምኑ እንደሚያስቃት ጠይቄያት አላውቅም።

እና አምና የከተማው ወጣቶች ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው በሰፈሩ ዞሩ። ያንን መጽሐፍ ፊልም ልናደርገው ነው፣ መጫወት የሚፈልግ ይምጣ፣ ታሪኩን የሚያውቅ ሽማግሌ ካለም መጥቶ ይምከረን አሉ። የመጽሐፉን ስም ስሰማ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። መጽሐፉን ዘሃራ ሻሿ ውስጥ እንደጠቀለለችው አነሳሁና ወደ ጠሩበት አዳራሽ ሄድኩ። የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ አሻጋሪውን ለማይሆን ሰው እንዳይሰጡት።

ፊልሙን የምትመራው ሃያት የምትባል አስተማሪ ናት። አክብራ ከፊት አስቀመጠችኝ። አንዷ ለልጅቷ ልትሞክር ተነሳች።

"ይቺ አትሆንም" አልኩ።

"ለምን፣ አባባ?"

"ገና ሳይነኳት ታለቅሳለች።"

ጎረቤቴ ሰይድ፣ ልብስ ሰፊው፣ ለክፉው አባት ሊወዳደር መጥቷል። "እኔስ፣ አባ ይመር?" አለኝ።

"አንተን የገዛ ዶሮህ መች ይፈራሃል!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ዘሃራ ከሞተች ወዲህ ሰው መሀል እንዲያ ስቄ አላውቅም።

ከዚያ፣ "ለአሻጋሪው ማን ይሁን?" አልኩ።

ሃያት ጓደኞቿን አየች። "የቱ አሻጋሪ?"

"ወንዙን የሚያሻግራት ነዋ!"

"አባባ፣ ልጅቷ እኮ የምትሻገረው ብቻዋን ነው።"

ደሜ ፈላ። "አንቺ ሳትወለጂ ነው እኔ ይህን መጽሐፍ የማውቀው! የናንተው ጎደሎ ነው" ብዬ የኔን ከሻሹ ፈታሁላት። ወንዙ ያለበትን ገጽ አውጥታ ጮክ ብላ አነበበች። ልጅቷ ውሃው ውስጥ ገባች፣ ወጣች፣ ማዶ ተቀመጠች። ማንም የለም። ተቀዶ ይሆናል አልኩ። የገጹን ቁጥር ከፊትና ከኋላ አሳየችኝ፤ አልጎደለም። እንደገና ፈልጊ አልኳት። ፈለገች።

"ተወው በቃ፣ አባ ይመር" አለ ሰይድ።

"አልተውም!"

"ምን ነበር የሚላት?" አለችኝ ሃያት ቀስ ብላ። ነገርኳት። መጽሐፉን ከደነችው። "በዚህ መጽሐፍ አንድም የኦሮምኛ ቃል የለም፣ አባባ። ማን ነው ያነበበልዎት?"

"ባለቤቴ።"

"ሰውዬው ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

"ግትር ነው፤ ካገኘው ጋር ይጣላል፤ ምክር አይ..." ብዬ ጀምሬ ድምፄ ቆመ። ሰይድ አንገቱን ደፋ። እዚያ አዳራሽ ያለ የከሚሴ ሰው ሁሉ እኔን ያውቀኛል።

ዘሃራን ያገባኋት ክረምት ላይ ነው። ቤተሰቧ ከቦርከና ማዶ ነበሩ። ወንዙ ሞልቶ ሚዜዎቹ እንመለስ ሲሉ እኔ እምቢ ብዬ ተሸክሜ አሻገርኳት። ምን እንዳልኳት ረስቼዋለሁ። እሷ አልረሳችም።

ሃያት፣ ፊልሙ ውስጥ እናስገባው፣ እርስዎ ይጫወቱት ብላ ለመነችኝ። "መጽሐፋችሁ ውስጥ የለም፤ በተጻፈው ሂዱ" አልኩና መጽሐፌን ጠቅልዬ ወጣሁ። እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ።

አሁን ረመዳን ሲመጣ ከአስር በኋላ መጽሐፉን ራሴ እይዛለሁ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ፊደል በፊደል፣ በወሩ ውስጥ ወንዙ ጋ ብደርስ ነው። እዚያ ስደርስ እከድነውና የሰውዬውን ቃል ጮክ ብዬ እላለሁ፤ ያለ እሱ ልጅቷን ማሻገር አልችልም።

ቁጭቴ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ለልጅቷ ማን ትሁን ስትለኝ የሰውን ልጅ ስጠራ ኖርኩ። አሁን፣ "አንቺ ነሻ፣ ሌላ ማን ይሆናል?" እላለሁ። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ቴምሬን ይዤ አዛኑን እጠብቃለሁ።