መዳፍ የሚያክል ጦርነት

ሚኒያፖሊስ አንድ ሙዚየም ውስጥ ሴኩሪቲ ነኝ። ሥራዬ ቆሞ መዋል ነው፤ ሰው ስዕል እንዳይነካ ማየት። ባለፈው ዊንተር አዲስ ክፍል ሰጡኝ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ መዳብ ላይ ተቀርጸው በወረቀት የታተሙ የጦርነት ስዕሎች ናቸው። ቢበዛ መዳፍ ቢያክሉ ነው። ለተመልካች ተብሎ ግድግዳው ላይ ማጉያ መነጽር ተንጠልጥሏል።

መጀመሪያ ንቄያቸው ነበር። ሰው ይቺን ለማየት ነው ከከተማ ውጭ፣ ከሆፕኪንስ ድረስ የሚመጣው አልኩ። አንድ ቀን ክፍሉ ጭር ሲል መነጽሩን አንስቼ ጠጋ አልኩ፤ ምነው እጄን በቆረጠው! ወታደሮች የገበሬ ቤት ሰብረው ገብተዋል። አንዱ ሴትዮዋን በጸጉሯ ይጎትታል፣ ሌላው የተሰቀለውን ሥጋ ያወርዳል። ውጭ ዛፉ ላይ ሰዎች ተሰቅለዋል። ጥፍር የማያክለው ፊት ሁሉ ዓይንና አፍ አለው።

ወንድሜ ከሁለት ልጆቹ ጋር አገር ቤት፣ ጦርነቱ ያለበት ነው። ኔትወርክ ከተቋረጠ ሁለት ወር አልፎታል። እና እኔ በመነጽሩ ፊቶቹን አንድ በአንድ እያየሁ እነሱን እፈልጋለሁ። እብደት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ስዕሉ ላይ የምትሮጥ አንዲት ልጅ የወንድሜን ትንሿን ብትመስለኝ፣ ሦስት ቀን በዚያ በኩል ማለፍ አቃተኝ።

አንድ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ብሉሚንግተን፣ ኤርፖርት ሺፍት ላይ መሆን የነበረበት ሰውዬ! አጠገቡ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል። እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም፤ ሽማግሌ ይዘን ሄደን፣ ፈገግ ብለን፣ እስቲ ቤት ድረስ እንላለን። እኔ ራሴ ስንቱን እንዲህ አታልዬ ወስጃለሁ። ባለቤቴም ፈገግ ብሎ፣ ማናጀርሽን አስፈቅጃለሁ፣ ቤት እንሂድ አለኝ።

«ንቅንቅ አልልም» አልኩት። «እዚሁ ንገረኝ።»

ሽማግሌውን አየት አደረገ። «ወንድምሽ ዛሬ ጠዋት ደውሏል። በሕይወት አለ።»

ስዕል አትንኩ እያልኩ ሰው የምቆጣው እኔ፣ ፍሬሙን ተደግፌ አለቀስኩ። ተመስገን፣ ተመስገን አልኩ። የሳቅሁም ይመስለኛል። ከዚያ፣ ለዚህ ሽማግሌ ለምን አስፈለገ አልኩ በሆዴ።

«ልጆቹስ?»

ሽማግሌው ጥግ ያለችውን ወንበር ሳብ አድርገው አቀረቡልኝ።

«አረፍ በይ፣ ልጄ» አሉኝ።