ጠያቂ የተከለከለበት ቤት

ለንደን ውስጥ፣ በካሌዶኒያን ሮድ አካባቢ ታሞ ንግስቲ ያልጠየቀችው ሰው ካለ፣ መታመሙን ለራሱም ያልነገረ ሰው መሆን አለበት። ዕድሜዋ ስልሳን አልፏል፤ ከሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት በጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ ይኸው ሆነ። ኪልበርን አንዱ እግሩን ቢሰበር፣ ኬኒንግተን አንዷ ብትወልድ፣ ንግስቲ ምሳ ዕቃዋን በፌስታል አንጠልጥላ አውቶቡስ ላይ ናት። ነርሶች የመጠየቂያ ሰዓት አልቋል ሲሏት እንግሊዝኛዋ ድንገት ይጠፋባታል፤ በሽተኛው በልቶ እስኪጨርስም አይመለስላትም።

እግዜር መቀለድ ሲያምረው እሷን በገዛ ቤቷ የጠያቂ ከልካይ አደረጋት።

ታላቅ ወንድሟ ፍስሃጽዮን የደም ካንሰር ይዞት ለሕክምና ከአዲስ አበባ መጣ። ተክለሃይማኖት አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ፣ ለቀልድ የማይመች፣ ለኩርፊያ ግን እጅግ የተመቸ ሽማግሌ ነው። ከውጭ አገር የሚመጡ ሕመምተኞችን በሚቀበል አንድ የግል ሆስፒታል የመጀመሪያውን ኬሞ ወስዶ ፎቅ ላይ ወዳለው የንግስቲ ፍላት ሲመለስ፣ የሐኪሙ ትእዛዝ ተከትሎት መጣ። መድኃኒቱ በሽታውን ብቻ ሳይሆን በሽታ የሚከላከልለትንም ደም ስለመታው፣ ደሙ እስኪያገግም ድረስ ጠያቂ የለም፣ አበባ የለም፣ መሳሳም የለም።

«ጉንፋን የያዘው አንድ ሰው ከሳመው በቃ፣ ቬሪ ሲሪየስ ነው» አለች እዚሁ ለንደን የተወለደችው የንግስቲ ልጅ ፍልሞና። «ማሚ፣ ኖ ቪዚተርስ። አንቺ ደግሞ ሰው እምቢ ማለት አትችዪም።»

«ማን ነው ያለሽ?» አለች ንግስቲ ተቆጥታ። ልጅቷ ግን እውነቷን ነበር።

ንግስቲ በዘመኗ የጠየቀቻቸው ሁሉ ብድራቸውን ሊመልሱ ተነሡ። አንዷ ድስት ሙሉ ዶሮ ወጥ ታቅፋ መጣች፤ አንዱ አፍንጫውን እየጠረገ «ትንሽ ብቻ ልሳመው» አለ። ንግስቲ የበሩን ሰንሰለት ሳትፈታ በስንጥቁ «ተኝቷል» ትላለች። ጠዋት ተኝቷል፣ ከሰዓት ተኝቷል፣ ማታም ተኝቷል።

«ይኼ ሰው አይነቃም እንዴ?» አለ አለማየሁ፤ የሐበሻውን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ዕቃ ለሠርግም ለለቅሶም በቫኑ የሚያመላልሰው እሱ ነው። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ስትዪ የኖርሽው አንቺ አይደለሽም?»

ስትል ነበር፤ ንግስቲ ግን «ተኝቷል» ብላ በሩን ዘጋች።

የባሰው ግን ከበሩ ውስጥ ያለው ነበር። ፍስሃጽዮን ደወሉ ሲጮህ ይሰማል፤ የሚገባ ሰው ግን አያይም። አኮረፈ። ሾርባውንም ገፋ።

«ጋሼ፣ በሞቴ ቅመስ።»

«ለማን ብዬ? እዚህ አገር ሰው ታሞ አይጠየቅ፣ ሞቶ አይለቀስለት። ትኬት ያስቆርጡልኝ፤ አገሬ ልግባ።»

«ሁለተኛውን ኬሞ ካልወሰድክ እኮ...»

«ሰምቻለሁ፤ እሞታለሁ። ታዲያ ለቅሶ ባለበት አገር ልሙት።»

የምሩን ነበር። አዲስ አበባ ላሉት ልጆቹ ደውሎ ለሚመጣው ሳምንት ትኬት አስያዘ። ንግስቲ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ እንዳይሰማት ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። በዚያ አቅሙ፣ ከሚያስል ሰው መሃል አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ፣ በደህና እንደማይደርስ ታውቃለች።

መላውን ያመጣችው ፍልሞና ናት። «ሰዎቹ ታች ግቢው ውስጥ ይሁኑ፤ አንክል ከዊንዶው በእጁ ዌቭ ያድርግላቸው። ኢንፌክሽን የለ፣ ምን የለ።»

ቅዳሜ ዕለት አለማየሁ የአዳራሹን ተጣጣፊ ወንበሮች በቫኑ አምጥቶ ከመስኮቱ ሥር ደረደረ። ብርዱ ክፉ ስለነበር የመጣው ሰው ሁሉ ጥቁር ካፖርት ለብሷል፤ ለንደን ውስጥ ሌላ ቀለም ካፖርት የሚሸጥ አይመስልም። ፍስሃጽዮን ገና እንቅልፍ ላይ ነው፤ መጋረጃው አልተከፈተም። ሰዉም እንዳይቀሰቅሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከብርዱ አንገቱን ደፍቶ፣ የንግስቲን ሻይ እየጠጣ ይጠብቅ ጀመር።

በዚህ መሃል እማማ ብፅዓት ከኬኒንግተን ደረሱ። ሰማንያን ያለፉ፣ ለቅሶ በማድመቅ የታወቁ ሴት ናቸው። ከግቢው መግቢያ ላይ ሆነው ሲያዩ፣ የአዳራሹ ወንበር፣ ጥቁር ልብስ፣ የተዘጋ መጋረጃ፣ የተደፋ አንገት። ለቅሶ ቤት ደርሶ «ሞተ እንዴ?» ብሎ ጠይቆ የሚያለቅስ ጨዋ ሰው ደግሞ የለም፤ የሚገባው ከሩቅ እያለቀሱ ነው። እማማ ብፅዓት ጨዋ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር።

«ወየው ፍስሃጽዮን! ወየው ወንድሜን! በሰው አገር ቀረህ!»

ሰዉ መጀመሪያ እርስ በርሱ ተያየ፤ ከዚያ ወደ መጋረጃው ቀና አለ። እማማ ብፅዓት የሰሙት ነገር ባይኖር እንዲህ ይሆናሉ? ከጎን ብሎክ የመጣችው ሮማንወርቅ ጮኸች። አለማየሁ ኮፍያውን አወለቀ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ግቢው ሁሉ ተቀበለ።

ንግስቲስ? የወንድሟን ትራስ አስተካክላ ከወረደች ገና ሻዩ እንኳ አልበረደም። በዓይኗ ያየችው ሰው ነው። ነገር ግን ያ ጩኸት ሲሰማት የሻይ ማንቆርቆሪያው ከእጇ ወደቀ። በቧንቧ ውሃ ስትሸፍነው የሰነበተችው ፍርሃት ሁሉ ባንዴ ፈነዳ። «ወንድሜን! አባቴን! ማን አለኝ!» እያለች መሬት ላይ ተዘረጋች። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። ውሻዋን ይዛ የምታልፍ እንግሊዛዊት ጎረቤት ሳይቀር ቆም ብላ «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ስትል አጽናናቻት።

ያኔ መጋረጃው ተገለጠ፤ መስኮቱ ተከፈተ፤ ኬሞ ፀጉሩን የጨረሰው ራስ ብቅ አለ።

«ማን ሞቶ ነው?»

የእማማ ብፅዓት እጅ ደረታቸው ላይ ደርቆ ቀረ።

«እ... እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አለ አለማየሁ።

ፍስሃጽዮን አልተቆጣም፤ አልሳቀም። ዓይኑ ንግስቲ ላይ ነበር። ሮማንወርቅ ከኋላ አቅፋታለች፤ አንዷ እንባዋን ትጠርግላታለች፤ ያ አፍንጫው የማያርፍለት ሰውዬ የገዛ ካፖርቱን አውልቆ ያለብሳታል።

«ታዲያ ልጅቷን ከብርድ አንሷት እንጂ!» አለ በመጨረሻ። እማማ ብፅዓትም በዚያው በሞቀ ጉሮሯቸው እልልታውን አቀለጡት።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ንግስቲ እጇን ታጥባ፣ ማስክ አድርጋ ገባች። ወንድሟ የበረደውን ሾርባ እየጠጣ ነው።

«ትኬቱን ይሰርዙት በያቸው።»

«ለቅሶህ ደስ አለህ፣ አይደል?» አለች፤ ሳቋ መጣ።

«የኔ ለቅሶ ምን ያደርግልኛል? የሞተ ሰው አይሰማ» አለ። ማንኪያውን አስቀመጠ። «እዚህ ብሞት ብቻሽን ቆመሽ የምትቀብሪኝ መስሎኝ ነበር። ሰው እንዳለሽ መች አወቅሁ።»

ንግስቲ መሳቋን አቆመች። ልታቅፈው እጇን ዘረጋች፤ የሐኪሙ ትእዛዝ ትዝ ሲላት መልሳ ሰበሰበችው።

«ኬሞው መቼ ነው ያሉት?» አለ ፍስሃጽዮን።