ፎርሙ ስለ ፋጡማ ሲጠይቀኝ

ከመርሳ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ሚኒባሱ ሊሞላ ሦስት ሰው ሲቀረው እናቴ በመስኮት እጇን አስገብታ ጉልበቴን ያዘችና፣ "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ መንገዱን ያግራልሽ" አለችኝ። "አሚን" አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዚያን ዕለት ያስጨነቀኝ ከእናቴ መለየት ብቻ አልነበረም። ዓመት ያለፋት ሟች፣ ፋጡማ፣ አብራኝ ተሳፍራለች።

ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ካለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። በጦርነቱ ጊዜ መንገድ ሊዘጋ ሲል አዋላጇም ኃላፊውም ሸሹ፤ እኔና ዘበኛው ቀረን። ፋጡማን ምጥ ሲይዛት ጎረቤቶቿ በቃሬዛ አመጧት። ልጅቷ በደህና ተወለደች፤ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣ አለ፣ ደሙም አልቆም አለ። መድኃኒት ክፍሉ ተቆልፏል፣ ባዶም ነው ብዬ አምኜ ነበር። አዋላጇ ስታደርግ እንዳየሁት፣ ሳልሠለጥን፣ እጄን አስገብቼ አወጣሁት። ፋጡማ "ሰዓዳ፣ በረደኝ" አለች። ነጠላዬን ደረብኩላት። ረፋዱ ላይ አረፈች።

ማንም አልጠየቀኝም። እናቷ እማማ ዘሃራ እንኳ "የአላህ ውሳኔ ነው" ብለው እጄን ሳሙኝ።

እንግሊዝ አገር የገባሁት ኬር ሆም በሚሉት መጦሪያ አረጋውያንን ልንከባከብ ነው። የመርሳን ፓፓያ በልቶ ላደገ ሰው፣ እዚህ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ፓፓያ የታጠበ ዱባ ነው። ሰኔና ጥራቸው አይለይም። ጎረቤቴን ሰላም ብላት ውሻዋን አየችው። ሰባት ዓመት ነርስ የነበርኩት ሴት ለአንዲት አሮጊት የራስ ምታት ክኒን ማቀበል አልችልም፤ አልተመዘገብኩማ! አሮጊቶቹ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በረደኝ ነው የሚሉት። በሰማሁ ቁጥር ዞር የምለው ፋጡማ ናት ብዬ ነው።

ለመመዝገብ ወደ ነርሶች መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ደወልኩ።

"ከሠራሽበት ጤና ጣቢያ ማስረጃ ይላክልን" አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ።

"መዝገቡ ተቃጥሏል።"

"መቃጠሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ከጽሕፈት ቤቱ አምጪ።"

"ጽሕፈት ቤቱም ተቃጥሏል።"

"እንግዲያው የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን ጠይቂ" አለች፣ በትሕትና።

አብራኝ የምትኖረው የአገሬ ልጅ ሄለን፣ እሷም ነርስ ናት፣ ሳቋ አመለጣት። "እኛ ጋ እሳት የሚያጠፋው ጎረቤት ነው፣ ጎረቤቱን ሁሉ ያስፈርሙት በያት!" አለችኝ። በመጨረሻ የቀድሞ ኃላፊዬ ከጻፉልኝ ይበቃል ተባለ።

ፎርሙ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ነበር፦ ከሙያ ፈቃድሽ ውጭ ሠርተሽ ታካሚ ተጎድቶብሽ ያውቃል?

"'አያውቅም' በይና ላኪው" አለች ሄለን። "ማን ሊያጣራ ሐብሩ ድረስ ይሄዳል?"

'አያውቅም' ብዬ ሞላሁት። ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። በአራተኛው ቀን ሰረዝኩትና የሆነውን ጻፍኩ።

ከዚያ ወልድያ ላሉት ለቀድሞ ኃላፊዬ ለአቶ ታደሰ ደውዬ እንዲጽፉልኝ ጠየቅኳቸው።

"የፋጡማን ነገር ልተወው ወይ፣ ሲስተር?" አሉኝ።

"አይ፣ እንደሆነው ይጻፉት።"

ከእሳቸው ወገን የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማኛል።

"እንደሆነው ከሆነማ…" አሉ። "የመድኃኒት ክፍሉ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስሸሽ ይዤው ሄድኩ። ደም የሚያቆመው መርፌ ሁለት ቀርቶ ነበር።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

"መብራት ከጠፋ ሰንብቶ ነበር፤ ያለ ፍሪጅ ተበላሽቶም ይሆናል" አሉኝ።

"ላይበላሽም ይችላል።"

"ላይበላሽም ይችላል" አሉ።

ያቺን በር አውቃታለሁ። ሳንቃዋ በምስጥ የተበላ ነው፤ እኔና ዘበኛው በአንድ ግፊያ እንጥላት ነበር። ባዶ ነው ብዬ አልነካኋትም።

አቶ ታደሰ የቁልፉን ነገር ሳይደብቁ ጻፉ። ከወራት በኋላ መልስ መጣ፤ ጥፋት አልተገኘብኝም፣ ተመዝግቤያለሁ። ሄለን ኬክ ገዛች። እኔ ድርሻዬን ለእሷ ተውኩላት። በማግስቱ እማማ ዘሃራ ዘንድ ደወልኩ።

"ዱዓዎት ደረሰልኝ፣ ነርስ ሆንኩ" አልኳቸው። "አልሐምዱሊላህ!" አሉ። ያኔ የቁልፉን ነገር፣ የመርፌውን፣ በሩን መስበር እችል እንደነበር ሁሉንም ነገርኳቸው።

የፋጡማ ልጅ ከኋላቸው ዶሮ ታባርራለች፤ ትስቃለች።

"ሰዓዳ" አሉ፣ ሳይቆጡ። "እኔ እኮ የአላህ ውሳኔ ነው ብዬ አርፌ ነበር። አሁን ይኸን የነገርሽኝ እኔ እንድሸከምልሽ ነው?"

ስልኩን እሳቸውም አልዘጉት፣ እኔም አልዘጋሁት። የስልኬ ሒሳብ እስኪያልቅ ልጅቷን ስንሰማ ቆየን።